ተዋጊ ጄት ምድር ሲነካ፡ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሐረር ሜዳ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማና በልደታ አዋሳኝ፣ ነዋሪው እስከ ዛሬ «አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ» እያለ የሚጠራው ሰፈር ይገኛል። ከሳር ቤት ወደ ብሥራተ ገብርኤልና ወደ መካኒሳ የሚመላለስ የታክሲ ረዳት ይህንን ስም በቀን አያሌ ጊዜ ይጠራዋል። ተሳፋሪውም ስሙን ሰምቶ ይወርዳል እንጂ ማረፊያው ለምን «አሮጌ» እንደተባለ፣ አውሮፕላኖቹስ ለምን ጥለውት እንደሄዱ እምብዛም አይጠይቅም። የክፍለ ከተማው ስም ራሱ በአካባቢው ከነበረው የሽቦ አልባ ራዲዮ ጣቢያ የተወረሰ መሆኑ ሲታሰብ፣ አካባቢው ከአየር ጋር የተያያዘ ታሪክ ያለው መሆኑን መረዳት አያዳግትም።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ መንግሥት የገዛው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ዓመትም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ሲያደርግ፣ መነሻው የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በወቅቱ ያገለግሉ የነበሩት ሲ-47 አውሮፕላኖች በሽክርክሪት የሚሠሩ፣ ቀስ ብለው የሚያርፉና በአጭር መንገድ የሚቆሙ ስለነበሩ ማረፊያው ይበቃቸው ነበር።

ሁኔታው የተለወጠው ጄት ሲመጣ ነው። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ጄቶችን ለመግዛት ሲነሣ የልደታው መንደርደሪያ እጅግ አጭር መሆኑ ተረጋገጠ፤ በመሆኑም የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተገንብቶ በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንደርደሪያና የመቆጣጠሪያ ማማው ሥራ ጀመሩ። የአየር ኃይሉ ጄቶችም መኖሪያቸው ከከተማዋ ውጭ፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው የሐረር ሜዳ የጦር ሰፈር ሆነ። አንድ መንደርደሪያ ለአንድ አውሮፕላን በቂ፣ ለሌላው ግን የማይታሰብ የሚሆንበትን ምክንያት ለማወቅ ጄት መሬት ከመንካቱ በፊትና ከነካ በኋላ ምን እንደሚደረግ መመልከት ያስፈልጋል። ጉዳዩ የአብራሪዎች ብቻ እንዳልሆነ፣ በመሬት አስተዳደርና በግንባታ ፈቃድ ሥራ ላይ የተሰማሩትንም እንደሚመለከት ወደ በኋላ ይታያል።

በቅድሚያ ስለ አየሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ቢሾፍቱም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በእነዚህ ከፍታዎች አየሩ ስስ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚሸከመው በአየር በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም አውሮፕላኑ ይበልጥ መፍጠን ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ልምድ የሌለውን ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። በአብራሪው ፊት ያለው የፍጥነት መለኪያ የሚያነበው የአየሩን ግፊት እንጂ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ የሚጓዝበትን እውነተኛ ፍጥነት አይደለም። ስለሆነም በጂቡቲ ዳርቻም ሆነ በቢሾፍቱ ያው አውሮፕላን ሲያርፍ መለኪያው ያንኑ ቁጥር ያሳያል። ለምሳሌ ሚግ-21 መሬት በሚነካበት ጊዜ መለኪያው በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢያመለክት፣ በባሕር ዳርቻ የመሬቱ ፍጥነትም ከዚሁ ጋር ይቀራረባል፤ ቢሾፍቱ ላይ በሞቃት ቀን ግን ጎማዎቹ ምድር የሚነኩት በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ይህም በአንድ ሴኮንድ ከ80 ሜትር በላይ መጓዝ ማለት ነው። ሁለት ሴኮንድ ያመነታ አብራሪ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ተኩል የበለጠ መንገድ ከኋላው ቀርቷል።

የመቆሚያው ርቀት የሚያድገው ደግሞ ፍጥነቱ ከሚያድገው በላይ ነው። ማንኛውም ተንቀሳቃሽ የሚይዘው ጉልበት ከፍጥነቱ እጥፍ ብዜት ጋር ስለሚሄድ፣ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ጉልበት በአራት እጥፍ ያድጋል። በ10 በመቶ ፈጥኖ ያረፈ አውሮፕላን ለመቆም 21 በመቶ ያህል ተጨማሪ መንገድ ይፈልጋል። ከላይ በተጠቀሰው የቢሾፍቱ ምሳሌ ፍሬኑና ፓራሹቱ ሊያጠፉት የሚገባው ጉልበት በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው በሲሶ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ስሌት የሚለውጥ ችሎታ የለም፤ አብራሪው ጎበዝም ሆነ ሰነፍ አየሩ ያው አየር ነው።

የጥሩ ማረፍ መሠረቱ የሚጣለው መሬት ከመነካቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ተዋጊ አውሮፕላን ከግዳጅ ሲመለስ በተለምዶ በመንደርደሪያው አቅጣጫ በላዩ አልፎ፣ ወደ ጎን በጠንካራ ሁኔታ ታጥፎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከመንደርደሪያው ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ እየበረረም ጎማዎቹን ያወርዳል፣ ፍላፑን ይዘረጋል። ከዚያም ዞሮ ወደ መጨረሻው መስመር ይገባል። በዚህ መስመር ላይ ከአብራሪው የሚጠበቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ መስመሩን መያዝ፣ የቁልቁለቱን ማዕዘን መጠበቅ፣ ፍጥነቱን ከተወሰነለት ቁጥር አለማሳለፍም አለማሳነስም። ከሦስቱ አንዱ በጊዜው ካልተስተካከለ የሚመከረው ሞተሩን አጎልብቶ እንደገና መነሣትና መዞር ነው። ለመዞር የወሰነን አብራሪ ማንም አይወቅሰውም፤ የሚያስወቅሰው ያልተስተካከለ አቀራረብን በግድ ወደ ማረፍ ማምጣት ነው።

የጄት ሞተር የመኪና ሞተር አይደለም። በተለይ የቀድሞዎቹ ጄቶች የኃይል ማንሻው ሲገፋ ወዲያውኑ ምላሽ አይሰጡም፤ ሞተሩ ከዝቅተኛ ዙር ወደ ሙሉ ኃይል እስኪደርስ ውድ ሴኮንዶች ያልፋሉ። ስለዚህ በመጨረሻው መስመር ላይ ሞተሩን ጨርሶ ማሳነስ አደገኛ ነው። በሚግ-21 የኋለኞቹ ሞዴሎች ላይ ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል። በእነዚህ አውሮፕላኖች ከሞተሩ የሚወጣ የታመቀ አየር በፍላፑ ላይ እንዲነፍስ ተደርጎ ክንፉ በዝቅተኛ ፍጥነት የተሻለ እንዲሸከም ይደረጋል። አብራሪው ገና በአየር ላይ ሳለ የኃይል ማንሻውን በድንገት ወደ ኋላ ከሳበ የሚያጣው የሞተሩን ግፊት ብቻ ሳይሆን የክንፉን አቅም ጭምር ነው፤ አውሮፕላኑም እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ሚግ-23 ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚታጠፍ ክንፍ ያለው በመሆኑ ከማረፉ በፊት ክንፉ ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱ መረጋገጥ አለበት፤ ክንፉ ወደ ኋላ እንደታጠፈ ማረፍ የግድ ቢሆን እጅግ በሚበልጥ ፍጥነት ማረፍን ያስከትላል።

መሬት ሲነካ በቅድሚያ የሚያርፉት በክንፉ ሥር ያሉት የኋላ ጎማዎች ናቸው። የፊት ጎማው እግር ቀጭን በመሆኑ የመጀመሪያውን ምት እንዲቀበል አልተሠራም። እንደ ኤፍ-5 ባሉት አውሮፕላኖች አብራሪው አፍንጫውን ለጥቂት ጊዜ ወደ ላይ ቀና አድርጎ በመያዝ የአውሮፕላኑ ሆድና ክንፍ አየሩን እንዲጋፈጡ ያደርጋል፤ ይህም ፍሬን ሳይነካ ፍጥነትን የሚቀንስ፣ ምንም ወጪ የሌለው ዘዴ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ አፍንጫው በእርጋታ ይወርዳል። ከመጠን በላይ ቀና የተደረገ እንደሆነ ግን ጅራቱ መሬት ሊጠርብ ይችላል።

ቀጥሎ የፍሬን ፓራሹቱ ይለቀቃል። ትላልቆቹ የመንገደኛ ጄቶች ሲያርፉ የሞተራቸውን ግፊት ወደ ፊት በመመለስ ይታገዛሉ፤ ተዋጊዎች በአብዛኛው ይህ መሣሪያ የላቸውምና ፓራሹት ይተካላቸዋል። ሚግ-21፣ ሚግ-23ም ሆነ በ1991 ዓ.ም. ወደ አየር ኃይሉ የገባው ሱ-27 ከጅራታቸው አካባቢ የሚዘረጋ ፓራሹት አላቸው። በፓራሹትና በፍሬን መካከል የሥራ ክፍፍል አለ ማለት ይቻላል። ፓራሹት የሚሠራው በአየር ስለሆነ ኃይሉ የሚበረታው ፍጥነት ከፍ ባለበት በመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ፍጥነት በግማሽ ሲወርድ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። የጎማ ፍሬን ደግሞ በተቃራኒው መጀመሪያ ላይ ደካማ ነው፤ ክንፉ ገና ክብደቱን ተሸክሞ ስላለ ጎማው መሬቱን አጥብቆ አይዝም። ፍጥነቱ ሲበርድ ክብደቱ በሙሉ ጎማው ላይ ይወርድና ፍሬኑ ይይዛል። ፍሬንን ያለጊዜው መርገጥ ጎማውን ቆልፎ ማፈንዳት ነው።

የከፍታው ጉዳይ እዚህም ይከተላል። የፓራሹቱ ኃይል በአየሩ ግፊት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ መለኪያው ያንኑ ቁጥር ሲያነብ ቢሾፍቱም ሆነ ባሕር ዳርቻ ኃይሉ ያው ነው። ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት ግን እዚህ ይበልጣል። መሣሪያው ሳይጨምር ሥራው ጨመረ ማለት ነው፤ ልዩነቱን የሚከፍለው መንደርደሪያው ነው።

ፓራሹት የራሱ አመልም አለው። ከጎን የሚመጣ ንፋስ ሲኖር ወደ ንፋሱ በሚወስደው አቅጣጫ ጅራቱን ይጎትትና አፍንጫውን ወደ ንፋሱ ያዞረዋል። አብራሪው በእግር መርገጫውና በፍሬኑ መስመሩን መጠበቅ ካቃተው ፓራሹቱን መጣል ይገደዳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ መቆሚያ መንገዱ ይበልጥ ይረዝማል። በክረምት የዝናብ ውሃ በመንደርደሪያው ላይ ሲያቁር ጎማው በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ፍሬኑ ምንም ላይዝ ይችላል፤ በሰኔና በመስከረም መካከል ባሉት ወራት የውሃ መውረጃ ቦዮች መጠረግ የጽዳት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ባይበቃ በመንደርደሪያው መጨረሻ ላይ አውሮፕላኑን እንደ መረብ የሚይዝ ማቆሚያ በብዙ የጦር ሰፈሮች ይተከላል።

በኢትዮጵያ አየር ኃይል ታሪክ ውስጥ ይህ ሙያ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ተምሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከስዊድናውያን አሠልጣኞች ጋር የተጀመረው ትምህርት በሳብ ሳፊር አውሮፕላኖች ነበር። ቀጥሎ አሜሪካ ሠራሾቹ ቲ-33፣ ኤፍ-86 እና በ1958 ዓ.ም. ኤፍ-5 ሲገቡ አብራሪዎቹ በኖትና በጫማ የሚለኩ መሣሪያዎችን፣ በእግር ጣት የሚረገጥ ፍሬንን ለመዱ። በኤፍ-86ም ሆነ በኤፍ-5 የፊት ጎማው በአብራሪው ትእዛዝ ስለሚዞር መሬት ላይ መንዳት ቀላል ነበር። ቲ-33 ግን የፊት ጎማው በነጻ የሚሽከረከር በመሆኑ፣ በዝግታ ሲታጠፍ ጎማው ወደ ጎን ተጣሞ መቅረቱ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ጠባዩ ነበር።

ከ1969 ዓ.ም. በኋላ የሶቪየት አውሮፕላኖች ሲመጡ እነዚሁ ሰዎች በሌላ ሥርዓት ውስጥ ገቡ። መለኪያዎቹ በኪሎ ሜትርና በሜትር ሆኑ። የሚግ-21 ፍሬን በእግር አይረገጥም፤ በመሪ ዘንጉ ላይ ያለ ማንሻ በእጅ ይጨመቃል፣ የትኛው ጎማ እንደሚያዝ ደግሞ የእግር መርገጫው ይወስናል። የፊት ጎማውም ራሱ አይታዘዝም፤ አውሮፕላኑ የሚታጠፈው አንዱን የኋላ ጎማ ከሌላው ይበልጥ በመያዝ ነው። ፍሬኑ የሚሠራው በታመቀ አየር ሲሆን አየሩ ማለቂያ አለው። ብዙ በመታጠፍና ብዙ በመጨመቅ አየሩን ያባከነ አብራሪ በመጨረሻ ማንሻውን ጨምቆ ምላሽ ላያገኝ ይችላል። ለዓመታት እግሩን የለመደ ሰው በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ እጁን እንዲያስታውስ መጠየቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ስለ እነዚያ ዓመታት ሲነሣ የአየር ላይ ውጊያው በሰፊው ይተረካል፤ ስለዚህኛው ግን ብዙ አይወራም።

አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ቀንሶ ከመንደርደሪያው ሲወጣ አደጋው ያለፈ ይመስላል። አብራሪዎች ግን በረራ አበቃ የሚሉት ሞተሩ ጠፍቶ ታኮ ከጎማው ሥር ሲገባ ነው። ፓራሹቱ ከመንደርደሪያው መጨረሻ ወጣ ተብሎ ይጣላል፤ መንገዱ ላይ የቀረ ፓራሹት ለቀጣዩ አራፊ እንቅፋት ነውና ለዚሁ የተመደበ ተሽከርካሪ ወዲያው ያነሣዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ በዝግታ ይደረጋል፤ በመታጠፊያ ላይም ከሰው የፈጠነ እርምጃ አይበልጥም። ተዋጊ ጄት ጠባብ እግሮች፣ ከፍ ያለ ግፊት ያላቸው ትናንሽ ጎማዎችና ብዙ ነዳጅ የተሸከመ አካል ያለው ነው፤ በፍጥነት ቢታጠፍ ሸክሙ በሙሉ በአንድ እግር ላይ ያርፋል። የአብራሪው እይታም ውስን ነው። በጠባብ ቦታ ከፊቱ ቆሞ በእጅ ምልክት የሚመራው ሰው ዓይን ይሆነዋል፤ ምልክት ሰጪው ከዓይኑ ከተሰወረበት አብራሪው መቆም እንጂ መገመት የለበትም።

የጄቱ አፍ አየር ይስባል፣ ጅራቱ የጋለ አየር ይተፋል። ከፊት በኩል ባርኔጣ፣ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ አልፎም ሰው ሊሳብ ይችላል፤ ከኋላ በኩል ያለው ሰው ሊገፋና ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ በተከታታይ የሚሄዱ አውሮፕላኖች ርቀታቸውን ይጠብቃሉ። አንዲት ጠጠር ወይም የወደቀች ብሎን ወደ ሞተር ከገባች የምታደርሰው ጉዳት ከክብደቷ ጋር አይመጣጠንም። ሱ-27 መሬት ላይ ሳለ የአየር መሳቢያ አፉን የሚሸፍን ወንፊት ተበጅቶለታል፤ ብዙዎቹ ተዋጊዎች ግን ይህ የላቸውም። በዓለም ላይ ያሉ የጦር ሰፈሮች ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቻቸውን በመስመር አሰልፈው፣ ሁሉም እያጎነበሰ መንገዱን እንዲለቅም የሚያደርጉት ለዚህ ነው። መጥረጊያ የያዘው ሠራተኛ ሥራ ከሞተር ቴክኒሺያኑ ሥራ አያንስም።

ከአጭር ማረፍ በኋላ ፍሬኖቹ እጅግ ይግላሉ፤ ሙቀቱ ከፍ የሚለው ደግሞ አውሮፕላኑ ከቆመ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነው። የጋለ ጎማ ሊፈነዳ ስለሚችል ወደ እሱ የሚቀርብ ሰው ከፊት ወይም ከኋላ እንጂ በፍጹም ከጎን መቅረብ የለበትም፤ ጎማው ሲፈነዳ የጎማው ማቀፊያ ስብርባሪ የሚወረወረው ወደ ጎን ነውና። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ከሌሎች ተለይቶ እስኪበርድ ይቆያል። አብራሪው ከመውረዱ በፊትም የመቀመጫው ማስፈንጠሪያ በመቆለፊያ ፒን መታሰሩ ይረጋገጣል።

እስከዚህ የተባለው በአጥር ውስጥ ያለው ነው። ከአጥር ውጭ ያለው ደግሞ በአብዛኛው በሲቪል አስተዳደሩ እጅ ነው።

ወፎችን እንውሰድ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ ወደ ሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ቢሞክሩም ሞተሮቹ አልቆዩላቸውም፤ ከማረፊያው ውጭ በሆዱ ለማረፍ በተገደደው አውሮፕላን ተሳፍረው ከነበሩት 104 ሰዎች የ35ቱ ሕይወት አለፈ። ሁለት ሞተር ያለው የመንገደኛ አውሮፕላን እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ሞተር ብቻ ያለው ሚግ-21 ወይም ኤፍ-86 ምን ዕድል እንደሚኖረው ግልጽ ነው። ወፍን የሚስበው ደግሞ በአብዛኛው ሰው የሚጥለው ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ቄራ አካባቢ የሚያንዣብቡትን ጭልፊቶች፣ ጥንብ አንሣዎችና አባ ኮዳዎች ያውቃል። የቆሻሻ መጣያ፣ የእርድ ተረፈ ምርት፣ ያልተከደነ ቦይ፣ የተዘራ እህል፣ ሁሉም በማረፊያ አቅራቢያ ሲሆኑ ትርጉማቸው ይለወጣል። የቆሻሻ ቦታ የሚመርጥ የወረዳ ባለሙያ የአውሮፕላን ማረፊያ በየት በኩል እንዳለ አስቀድሞ ቢጠይቅ የሚያጠፋው ጊዜ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የሕንፃ ከፍታ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ በመሣሪያ ለሚመሩ ትላልቅ መንደርደሪያዎች ከመንደርደሪያው ጫፍ ባሻገር ከ60 ሜትር ጀምሮ በ2 በመቶ እያዘነበለ ወደ ላይ የሚወጣ፣ በዓይን የማይታይ ጣሪያ አስቀምጧል። ይህ ማለት ከጫፉ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሠራ ሕንፃ ከመንደርደሪያው ደረጃ በላይ ሊኖረው የሚችለው ከፍታ 20 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አምስትና ስድስት ፎቅ ነው። በዙሪያው እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ደግሞ 45 ሜትር የሆነ ሌላ ወሰን አለ። ወታደራዊ ሰፈሮች የራሳቸው ደንብ ቢኖራቸውም ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው። ሕንፃው የቆመበት መሬት ከመንደርደሪያው ከፍ ያለ ከሆነ ከተፈቀደው ላይ ይቀነሳል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ኮረብታማ ከተማ ይህ የሚዘነጋ አይደለም። የውሃ ታንከር፣ የሊፍት ክፍል፣ የሞባይል አንቴና፣ ለግንባታ የቆመ ክሬንም ይቆጠራል። ፈቃድ ሰጪው ባለሙያ ጉዳዩን አስቀድሞ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ ያለበት መሠረት ከተቆፈረ በኋላ ሳይሆን ፕላኑ በጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው። አንድ ሕንፃ ወሰኑን አልፎ ከተሠራ አብራሪው በላዩ ከፍ ብሎ ለማለፍ ስለሚገደድ መሬት የሚነካበት ነጥብ ወደ መሀል ይገፋል፤ ያለው መንደርደሪያም በወረቀት ሳይለወጥ በተግባር ያጥራል። በስስ አየር ላይ ቀድሞውንም ለተራበ መንደርደሪያ ይህ ቀላል ቅነሳ አይደለም።

ሦስተኛው ከመንደርደሪያው ጫፍ ቀጥሎ ያለው ባዶ መሬት ነው። ለአላፊ አግዳሚው ሥራ ፈት መስሎ ይታያል፤ ለእርሻ፣ ለግጦሽ፣ አንዳንዴም ለመኖሪያ ይመኙታል። ያ መሬት ግን ፓራሹቱ ያልተዘረጋለት ወይም ፍሬኑ ያልያዘለት አውሮፕላን የሚሄድበት ነው። በዚያ ላይ ቤት የሠራ ቤተሰብ የሚኖረው ሌላ ሰው በአንድ ሴኮንድ 80 ሜትር እየተጓዘ ለማቆም በሚታገልበት መስመር ላይ ነው። ለባለ ይዞታው ምትክ ቦታና ተገቢ ካሣ በወቅቱ ሰጥቶ ቦታውን ነጻ ማድረግ፣ ችግሩ ከደረሰ በኋላ ከሚመጣው ወጪ ጋር አይወዳደርም። ከብት ወደ መንደርደሪያ እንዳይገባ አጥርን መጠበቅም እንዲሁ ከአካባቢው ቀበሌና ከገበሬው ጋር የሚሠራ ሥራ ነው።

የልደታው ማረፊያ ታሪክ በዚህ በኩል ሲታይ ግልጽ ነው። ማረፊያው ሲሠራ ዙሪያው ሜዳና የእርሻ መሬት ነበር፤ ከተማዋ በፍጥነት ስታድግ ሳር ቤት፣ መካኒሳና ብሥራተ ገብርኤል ከበቡት። መንደርደሪያውን አስረዝሞ ጄት ለማስተናገድ ቢታሰብ እንኳ ወዴት ይረዝም እንደነበር ዛሬ አካባቢውን የሚያይ ሰው ይረዳዋል። ቦሌም ሲመረጥ ከከተማዋ ራቅ ያለ ነበር፤ ዛሬ በሕንፃዎች ተከቧል። ሁለቱ መንደርደሪያዎቹ 3,700 እና 3,800 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሲሆን፣ በባሕር ዳርቻ ለተመሳሳይ አውሮፕላኖች ከሚያስፈልገው የበለጠ ርዝመት የተሰጣቸው ለከፍታው ነው።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለ ቦታ ለሚሠራው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ የዲዛይን ሥራ ዳር አል ሃንዳሳህ ከተባለው አማካሪ ድርጅት ጋር ተፈራርሟል። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ያው አውሮፕላን በያው ሙቀት ከዚያ ሲነሣ በርካታ ተጨማሪ ጭነት ለመያዝ፣ ሲያርፍም በቀነሰ ፍጥነት መሬት ለመንካት ያስችለዋል። በአካባቢው ያሉት ወረዳዎች የመሬት አጠቃቀም ካርታቸውን ሲያዘጋጁ የ2 በመቶው ጣሪያና የ4 ኪሎ ሜትሩ ክብ በካርታው ላይ ሊሰመሩ የሚችሉት አሁን፣ ቤቶቹ ከመሠራታቸው በፊት ነው።